የኢትዮጵያ ሠራዊት በዓለም አቀፍ ሰላም ማስከበር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ኢትዮጵያ ሰላም አስከባሪዎች ሲነሳ ጨዋታው ከኮሪያ ይጀምርና ብዙውን ጊዜ እዚያው ያልቃል። የቃኘው ዘማቾች ክብር የሚገባቸው ናቸው። ከእነርሱ በኋላ በኮንጎ፣ በሩዋንዳ፣ በብሩንዲ፣ በላይቤሪያ፣ በዳርፉር፣ በአብዬና በሶማሊያ ያገለገሉት ግን ሥራቸው ከቤተሰቦቻቸው አልፎ እምብዛም አይታወቅም። በተለይ የአብዬ ግዳጅ ኢትዮጵያ በሰላም ማስከበር ታሪኳ ከሠራችው ሁሉ የሚልቅ ሆኖ ሳለ፣ ስሙን እንኳ ሰምተው የማያውቁ ብዙ ሰዎች አሉ። እዚህ ገጽ ላይ ለአብዬ ሰፊ ቦታ የሰጠሁት በዚህ ምክንያት ነው። ዓመታቱ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ኮሪያ የዘመተው ቃኘው ሻለቃ ሰላም አስከባሪ ነበር?

በዛሬው ትርጉም አልነበረም። ቃኘው የዘመተው በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሰንደቅ ዓላማ ሥር ቢሆንም ተግባሩ ውጊያ ነበር። የጸጥታው ምክር ቤት ሰሜን ኮሪያ የፈጸመችውን ወረራ ለመመከት አባል አገሮች ጦር እንዲልኩ ጠየቀ፤ ኢትዮጵያም ከክቡር ዘበኛ የተውጣጣ ሻለቃ ላከች። የመጀመሪያው ቃኘው ሚያዝያ 1943 ከአዲስ አበባ ተነስቶ በጅቡቲ በኩል በመርከብ ሄደና ከአሜሪካ ሰባተኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰለፈ። ሐምሌ 1945 የተኩስ አቁም ስምምነት እስኪፈረም ድረስ በየተራ በሄዱት ሦስት ሻለቆች ከ3,500 በላይ ኢትዮጵያውያን ተዋጉ። ከ120 በላይ ሞቱ፣ ከ500 በላይ ቆሰሉ። አንድም ኢትዮጵያዊ አልተማረከም። የሞቱትም አስከሬናቸው በጠላት እጅ አልቀረም።

ሰላም ማስከበር ግን ከዚህ ይለያል። ተዋጊዎች ተኩስ ለማቆም ሲስማሙ በመካከላቸው የሚቆም፣ ለየትኛውም ወገን የማያደላ ኃይል ነው። የመጀመሪያዎቹ ያልታጠቁ ታዛቢዎች በ1940 ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ተላኩ። ሰማያዊ ቆብ ያጠለቀ የታጠቀ ኃይል ደግሞ በ1949 ከስዊዝ ቦይ ቀውስ በኋላ ሲናይ ላይ ታየ።

ድሃ አገር ሆና ሳለ ኢትዮጵያ ይህን ሸክም ለምን ተሸከመች?

መልሱ ከ1928 ይነሳል። ፋሺስት ኢጣልያ ስትወረን የመንግሥታት ማኅበር አባል ነበርን። የማኅበሩ መተዳደሪያ አንዱ አባል ሲጠቃ ሌሎቹ እንዲደርሱለት ያዝዝ ነበር፤ የደረሰልን ግን አልነበረም። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ጄኔቫ ላይ ቆመው አቤት ያሉት በዚህ ነው። ኢትዮጵያ ከ51ዱ የተባበሩት መንግሥታት መሥራቾች አንዷ ሆና ስትገባ፣ የጋራ ደኅንነት የሚባለው ነገር በወረቀት ላይ ብቻ እንዳይቀር ከማንም በላይ የምትሻ አገር ነበረች። ኮሪያም ኮንጎም የተዘመተው በዚህ ስሜት ነው።

ከ1980ዎቹ ወዲህ ሌሎች ምክንያቶች ተጨመሩ። ጎረቤቶቻችን ሲቃጠሉ እሳቱ ወደ እኛ መዝለሉ አይቀርም፤ ስደተኛውም፣ መሣሪያውም፣ ታጣቂውም ድንበር ይሻገራል። የዲፕሎማሲ ተሰሚነትም አለበት፣ የውጭ ምንዛሪም እንዲሁ። እነዚህን መናገር የወታደሩን መሥዋዕትነት አያሳንሰውም፤ መንግሥት ለጥቅሙ ሊልከው ይችላል፣ ወታደሩ ግን የሚሞተው ለማያውቀው ሰው ነው።

በኮንጎስ ምን ሠሩ?

ኮንጎ ሰኔ 1952 ከቤልጂየም ነፃ በወጣች በቀናት ውስጥ ጦሯ አመፀ፣ ክፍለ ሀገሯ ካታንጋ ተገነጠለች፣ የቤልጂየም ወታደሮችም ተመልሰው ገቡ። ኢትዮጵያ ፈጥነው ከደረሱት አገሮች መካከል ነበረች። የተላከው ብርጌድ በንጉሠ ነገሥቱ የፈረስ ስም ጠቅል ተባለ። መጀመሪያ በስታንሊቪል፣ በዛሬዋ ኪሳንጋኒ፣ በኋላም በካታንጋ ተሰማራ። አየር ኃይላችንም የጦር ጄቶቹን ልኮ ከስዊድንና ከሕንድ አብራሪዎች ጋር በአንድነት ሠርቷል።

እዚህ ላይ ሌተና ጄኔራል ከበደ ገብሬን ማንሳት ይገባል። በኮሪያ የዘመተውን የኢትዮጵያ ጦር የመሩ መኮንን ሲሆኑ፣ ከሚያዝያ 1954 እስከ ሐምሌ 1955 ደግሞ በኮንጎ የነበረው መላው የተባበሩት መንግሥታት ጦር የሚታዘዘው በእርሳቸው ነበር። የካታንጋ መገንጠል ያከተመውም በእርሳቸው ዘመን ነው። የብዙ አገሮችን ወታደሮች ያዘዙት እኚህ ሰው ኅዳር 14 ቀን 1967 ደርግ ያለ ፍርድ ከረሸናቸው ባለሥልጣናት መካከል ናቸው። ልጆቻችን ስማቸውን ሳያውቁ መቅረታቸው ያሳዝነኛል።

በደርግ ዘመን ቆሞ ነበር ማለት ነው? መቼስ ተጀመረ?

አዎ፣ ቆሞ ነበር። አገሪቱ በውስጥ ጦርነትና በሶማሊያ ወረራ ተወጥራ ስለነበር ወደ ውጭ የሚላክ ጦር አልነበራትም። የኮሪያ ዘማቾችም፣ መንግሥት ከሰሜን ኮሪያ ጋር በመወዳጀቱ፣ ታሪካቸውን በአደባባይ መናገር ያልቻሉበት ዘመን ነበር።

ወደ ግዳጁ የተመለስነው በሩዋንዳ ነው። በ1986 የዘር ፍጅቱ ሲፈጸም የተባበሩት መንግሥታት ኃይሉን ከማጠናከር ይልቅ ወደ ጥቂት መቶዎች ቀነሰው። በኋላ ይጨመር ሲባል አብዛኞቹ አገሮች ፊታቸውን አዞሩ። ኢትዮጵያ 800 ያህል ወታደሮች ለመላክ ፈቃደኛ ሆነች፤ ማጓጓዣና ተሽከርካሪ ግን አልነበራትም። ወታደር ያለው አገር መኪና የለውም፣ መኪና ያለው አገር ወታደር አይልክም፤ በዚህ መካከል ወራት አለፉና ፍጅቱ አበቃ። ሻለቃው ነሐሴ 1986 ደርሶ በደቡብ ምዕራብ ሲያንጉጉ የፈረንሳይን ጦር ተካ። በቀል ፈርቶ ወደ ዛየር፣ ወደ ዛሬዋ ኮንጎ፣ ሊሰደድ የተዘጋጀውን ሕዝብ ማረጋጋትም የእርሱ ሥራ ሆነ።

ከዚያ በ1990ዎቹ አጋማሽ በአፍሪካ ኅብረት ሥር ከደቡብ አፍሪካና ከሞዛምቢክ ጋር ወደ ብሩንዲ፣ በ1996 ደግሞ ወደ ላይቤሪያ ተዘመተ። በዳርፉርም ኅብረቱና የተባበሩት መንግሥታት በጋራ ባቋቋሙት ተልዕኮ እግረኛ ሻለቆች ብቻ ሳይሆኑ አምስት የጦር ሄሊኮፕተሮችም ተሰማርተዋል። ድርጅቱ ሄሊኮፕተር የሚሰጠው አገር አጥቶ ለዓመታት ሲለምን እንደነበር ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

አብዬ የት ናት? ለምን የኢትዮጵያ ጦር ብቻ ተላከ?

አብዬ በሱዳንና በደቡብ ሱዳን መካከል ያለች፣ 10,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የምትሰፋ አወዛጋቢ ግዛት ናት። ነዋሪዎቿ ንጎክ ዲንካዎች ናቸው። በበጋ ወራት ደግሞ የሚሴሪያ አረብ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን ይዘው ከሰሜን ወደ ወንዙ ይወርዳሉ። ሁለቱ ሕዝቦች ግጦሽና ውኃ ሲጋሩ፣ አንዳንዴም ሲጋደሉ ኖረዋል። ደቡብ ሱዳን ልትገነጠል ሁለት ወር ሲቀራት፣ ግንቦት 2003፣ የካርቱም ጦር አብዬን ያዘ። ከተማዋ ተቃጠለች፣ ከ100,000 በላይ ሰው ወደ ደቡብ ሸሸ። ሁለቱ አገሮች ገና ሳይለያዩ ወደ ሙሉ ጦርነት ሊገቡ ነበር።

ድርድሩ የተካሄደው አዲስ አበባ ላይ ነው፤ አደራዳሪዎቹ ታቦ ምቤኪና መለስ ዜናዊ ነበሩ። ሰኔ 13 ቀን 2003 በተፈረመው ስምምነት ሁለቱም ወገን ጦሩን ከአብዬ ሊያስወጣ፣ በቦታው የኢትዮጵያ ጦር ሊገባ ተስማሙ። ጁባም ካርቱምም አምነው የተቀበሉት የኢትዮጵያን ጦር ነበር። የጸጥታው ምክር ቤት ሰኔ 20 ቀን ለ4,200 ወታደር ፈቃድ ሰጠ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ቁጥሩ ከ5,300 በላይ እንዲሆን ተወሰነ። የተልዕኮው ጦር ከሞላ ጎደል የአንድ አገር ጦር መሆኑ በተባበሩት መንግሥታት ታሪክ እጅግ ያልተለመደ ነው። የመጀመሪያው የኃይል አዛዥ ሌተና ጄኔራል ታደሰ ወረደ ነበሩ። ዛሬ ኤታማዦር ሹም የሆኑት ብርሃኑ ጁላም በኋላ ይህንኑ ኃይል መርተዋል።

ጦሩ የገባው በከባድ የዝናብ ወቅት፣ መንገድ በሌለበት፣ ፈንጂ በተቀበረበት ጭቃ ውስጥ ነው። ሥራው ሲታይ ቀላል ይመስላል፦ የሚሴሪያ ከብቶች በየት በኩል እንደሚወርዱ ከሁለቱም ሽማግሌዎች ጋር መነጋገር፣ በመንጋውና በመንደሩ መካከል መቆም፣ የተሰረቀ ከብት ሲኖር ደም ከመፍሰሱ በፊት ማስመለስ። ኢትዮጵያዊው ወታደር አብዛኛውን ጊዜ የገበሬ ወይም የአርብቶ አደር ልጅ ነው። ስለ ግጦሽ ጠብ፣ ስለ ጉማና ስለ ሽማግሌ ዳኝነት ማንም ሊያስተምረው አያስፈልግም። የአብዬ ግዳጅ የሰመረበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። አሚየት በተባለው ስፍራ ዲንካና ሚሴሪያ አብረው የሚገበያዩበት ገበያ ተከፍቶ፣ የደቡቡ ማርና የሰሜኑ ስኳር ተለዋወጠ።

ዋጋው ግን ቀላል አልነበረም። በገቡ በሁለተኛው ወር፣ ሐምሌ 26 ቀን 2003፣ ማቦክ አጠገብ ለቅኝት የወጣ ቡድን ፈንጂ ረገጠ። አንድ ወታደር ወዲያው ሞተ። የተቀሩትን ቁስለኞች ሄሊኮፕተር ሊያነሳቸው ሲገባ የካርቱም መንግሥት የበረራ ፈቃድ በመከልከሉ ሦስቱ እርዳታ ሲጠብቁ ሞቱ። ይህን የተባበሩት መንግሥታት ራሱ በይፋ ተናግሮታል። ሊያድኗቸው ለመጡት ሰዎች የካርቱም መንግሥት «ብረሩ» ብሎ አንድ ቃል መናገር ከብዶት ሦስት ሰው ሞተ።

ሚያዝያ 26 ቀን 2005 ደግሞ የንጎክ ዲንካ የበላይ አለቃ ኩዎል ዴንግ ኩዎል በኢትዮጵያውያን ታጅበው ሲጓዙ የሚሴሪያ ታጣቂዎች መንገድ ላይ ገደሏቸው። አንድ ኢትዮጵያዊ ሰላም አስከባሪም አብሯቸው ሞተ። ያን ዕለት አብዬ ተመልሳ ልትነድ ትችል ነበር፤ ሳትነድ ቀረች።

ታዲያ ለምን ወጡ?

በ2013 መጀመሪያ በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት ሲነሳ ሱዳን አልፋሽጋ የተባለውን አወዛጋቢ የድንበር መሬት ያዘች። በዚያ ላይ የሕዳሴ ግድብ ውዝግብ ተጨመረና ካርቱም የኢትዮጵያ ጦር ገለልተኛ ሊሆን አይችልም በማለት እንዲለወጥ ጠየቀች። በዚያው ዓመት ነሐሴ ስምምነት ተደርሶ ጦራችን በ2014 ቀስ በቀስ ወጣ፤ ፓኪስታን፣ ሕንድ፣ ጋናና ባንግላዴሽን የመሳሰሉ አገሮች ተተኩ። በሕጉ በኩል ተልዕኮ የሚቆየው በአስተናጋጁ አገር ፈቃድ ነው፤ ስለዚህ አሠራሩ ትክክል ነበር።

በዚሁ ዘመን አንድ የሚያም ነገር ሆነ። በጁባ፣ በዳርፉርና በአብዬ የነበሩ የትግራይ ተወላጅ ሰላም አስከባሪዎች ቁጥራቸው በመቶዎች የሚቆጠር፣ ወደ አገር ቤት ብንመለስ ለሕይወታችን እንሰጋለን ብለው ጥገኝነት ጠየቁ። በሰው አገር ለዓመታት አንድ ምሽግ ውስጥ አብረው ያደሩ ጓደኛሞች የአገራቸው ጦርነት እዚያው ድረስ ሄዶ ለያያቸው። ስለ ግዳጁ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ይህን ምዕራፍ ሊዘለው አይገባም።

ሶማሊያ ውስጥ ያለው ጦር ሰላም አስከባሪ ነው?

ጥያቄው ግራ የሚያጋባው ሦስት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ስለሚጠሩ ነው። ታኅሣሥ 1999 የገባውና ጥር 2001 የወጣው ጦር ሰላም አስከባሪ አልነበረም፤ ኢትዮጵያ ከሶማሊያ የሽግግር መንግሥት ጎን ተሰልፋ የእስላማዊ ፍርድ ቤቶች ኅብረትን የወጋችበት ዘመቻ ነው። ጥር 2006 ግን ከ4,000 በላይ ወታደሮች በአፍሪካ ኅብረት ተልዕኮ፣ በአሚሶም፣ ውስጥ ገብተው ባይዶዋን መቀመጫ ያደረገውን ቀጣና ተረከቡ። ከእነርሱ ሌላ በሁለቱ መንግሥታት ስምምነት ብቻ የሚንቀሳቀስ፣ ከተልዕኮው ውጭ የሆነ ተጨማሪ ጦርም ነበር።

አሚሶም የጸጥታው ምክር ቤት ፈቃድ ቢኖረውም የተባበሩት መንግሥታት ጦር አልነበረም። ሥራውም በአመዛኙ ከአልሸባብ ጋር መዋጋት ነው፤ የሚከበር ሰላም ገና የለምና። መጋቢት 2014 ተልዕኮው አትሚስ ተባለ፣ ከታኅሣሥ 2017 ጀምሮ ደግሞ አውሶም። ኢትዮጵያ ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ በመፈረሟ ከሞቃዲሾ ጋር ተቃቅራ ስለነበር በአዲሱ ተልዕኮ ውስጥ መቀጠሏ አጠራጥሮ ነበር። ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 በአንካራ ስምምነት ከተደረሰ በኋላ ግን ቀጠለች።

ሰላም አስከባሪ መቼ መተኮስ ይችላል?

ራሱን ለመከላከልና የተሰጠውን ተልዕኮ ለማስጠበቅ። በሩዋንዳና በቦስኒያዋ ስሬብሬኒሳ ከተፈጸሙት ፍጅቶች በኋላ አብዛኞቹ ተልዕኮዎች አደጋ የተደቀነበትን ሲቪል በኃይልም ቢሆን የመጠበቅ ሥልጣን ተሰጥቷቸዋል። ስለዚህ «መተኮስ ስለማይፈቀድላቸው ነው ቆመው የሚያዩት» የሚለው በአብዛኛው ትክክል አይደለም። የሚጎድለው ፈቃድ ሳይሆን ብዙ ጊዜ ውሳኔ ነው። በ2008 ሐምሌ ጁባ ውስጥ ውጊያ ሲነሳ የቻይና፣ የኢትዮጵያ፣ የኔፓልና የሕንድ ኃይሎች እዚያው ነበሩ። ገለልተኛው ምርመራ ኃይሎቹ በአንድ እዝ እንዳልሠሩ፣ ሲቪሎችንም እንደሚገባው እንዳልጠበቁ አረጋግጧል። የእኛም ስም እዚያ ውስጥ አለ።

ገንዘቡ ለማን ይደርሳል?

የተባበሩት መንግሥታት ለወታደሩ ደመወዝ አይከፍልም። ለላኪው መንግሥት ለእያንዳንዱ ወታደር በወር ከ1,400 ዶላር በላይ ይተካል፤ ለተሽከርካሪና ለመሣሪያም ለብቻው ይከፍላል። ከዚህ ውስጥ ምን ያህሉ ለወታደሩ እንደሚሰጥ የሚወስነው የየአገሩ መንግሥት ነው። ድርጅቱ ለወታደሩ በቀጥታ የሚሰጠው በቀን 1.28 ዶላር የኪስ ገንዘብና መጠነኛ የዕረፍት አበል ነው። ታዛቢዎችና የዋና መሥሪያ ቤት መኮንኖች ግን የኑሮ አበላቸውን በቀጥታ ያገኛሉ።

ላኪ አገር ይህን ገንዘብ በጊዜው ላያገኝም ይችላል። ባለጸጎቹ አገሮች፣ በተለይም ትልቁን ድርሻ የምትከፍለው አሜሪካ፣ መዋጮ ሲያዘገዩ ዕዳው ለኢትዮጵያና ለባንግላዴሽ ዓይነቶቹ ይቆያል። ድሃው ወታደሩንም ልኮ፣ ለሀብታሙም ብድር ሰጥቶ ማለት ነው። ይህ ፍትሕ አይደለም።

ሰላም አስከባሪ ወንጀል ቢሠራ ማን ይዳኘዋል?

የራሱ አገር። ድርጅቱ መርምሮ ወታደሩን ወደ አገሩ ሊመልስና ሌላ ተልዕኮ እንዳይሄድ ሊያግድ ይችላል፤ ክስና ቅጣት ግን የላኪው መንግሥት ነው።

ሴቶችስ አሉ?

አሉ፤ ኢትዮጵያ በሰላም ማስከበር ብዙ ሴቶችን ካሰማሩ አገሮች በቀዳሚው ተርታ ነበረች። በጾታዊ ጥቃት የተጎዳች የዳርፉር ሴት ለታጠቀ ወንድ የማትናገረውን ለሴት ወታደር ትናገራለች። ለዚህም ነው ሴቶቹ በሌሉበት ቅኝት ብዙ ነገር ሳይሰማ የሚቀረው።

ኢትዮጵያ አንደኛ ነበረች የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። በ2008 እና በ2009 ከ8,000 በላይ ሰው በማሰማራት በተባበሩት መንግሥታት ተልዕኮዎች የመጀመሪያውን ደረጃ ይዛ ነበር፤ በሶማሊያ ያለው ጦር በዚህ ውስጥ አልተቆጠረም። በዚያው ጊዜ የጸጥታው ምክር ቤት ተለዋጭ አባል ሆና፣ መስከረም 2010 ምክር ቤቱን በሰበሳቢነት ስትመራ ስለ ሰላም ማስከበር ማሻሻያ ከፍተኛ ጉባኤ አካሂዳ ውሳኔ ቁጥር 2378 እንዲጸድቅ አድርጋለች። ዳርፉር በ2013 ሲዘጋና ጦሩ ከአብዬ ሲወጣ ቁጥሩ በእጅጉ አሽቆለቆለ። በተባበሩት መንግሥታት ሥር ከዚያ ወዲህ ዋነኛው ስምሪታችን ደቡብ ሱዳን ነው።

ሰላም አስከባሪ ወደ እኛስ መጥቶ ያውቃል?

መጥቷል። ከኤርትራ ጋር ከተደረገው ጦርነት በኋላ፣ ከ1992 እስከ 2000፣ አንሚ የተባለ ተልዕኮ ነበር። ሕንዶች፣ ዮርዳኖሶችና ኬንያውያን በኤርትራ በኩል 25 ኪሎ ሜትር ስፋት ባለው ጊዜያዊ የጸጥታ ቀጣና ቆመው ነበር። የድንበር ኮሚሽኑ ውሳኔ በኢትዮጵያ በኩል ሳይተገበር ቀረ፤ ኤርትራም በምላሹ የሄሊኮፕተር በረራ አገደች፣ በመጨረሻም ነዳጅ ከለከለች። ኃይሉ ወጣ፣ ችግሩ ግን እዚያው ቀረ። ባለጉዳዮቹ ሰላሙን ካልፈለጉት በመካከል የቆመ ወታደር ምንም ሊያደርግ እንደማይችል ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላውቅም።

ዘመዴ ዘምቶ ነበር። ታሪኩን እንዴት ላቆይ?

በመጀመሪያ በሕይወት ካለ ጠይቁት፤ ድምፁንም ቅዱት። ከፎቶግራፎቹ ጀርባ የሻለቃውን ቁጥር፣ የተልዕኮውን ስም፣ የካምፑን ቦታና ዓመቱን ጻፉ፤ ዓመቱ በማን አቆጣጠር እንደሆነም አብራችሁ ጻፉ። ተልዕኮዎች ሲጠናቀቁ ሜዳሊያና የምስክር ወረቀት ይሰጣሉ፤ የሬጅመንት ቁጥርና ሙሉ ስም በትክክል የሚገኘው ብዙ ጊዜ በእነርሱ ላይ ነው። በግዳጅ ላይ የሞቱትን ስም የተባበሩት መንግሥታት በየተልዕኮው መዝግቦ ይዟል፤ የእንግሊዝኛው አጻጻፍ ስለሚለያይ በአባትና በአያት ስምም ፈልጉ። የኮሪያ ዘማች ቤተሰብ ከሆናችሁ አዲስ አበባ አፍንጮ በር አካባቢ ያለው መታሰቢያ የሞቱትን ስም ይዟል፤ ደቡብ ኮሪያ ቹንቾን ውስጥም የኢትዮጵያውያን መታሰቢያ አለ።

የአብዬ፣ የዳርፉርና የላይቤሪያ ዘማቾች ገና በጉልምስና ያሉ ሰዎች ናቸው፤ ብዙዎቹ በየከተማችን በጥበቃ ሥራ፣ በሹፍርናና በእርሻ ላይ ናቸው። አሁን ቢጠየቁ የቦታውን ስም፣ የሽማግሌውን ስም፣ አብሯቸው የነበረውንም ሟች ስም ያስታውሳሉ።